ኤድስ በማይክሮስኮፕ ሥር፦ አካል መልስ መስጠት ሲያቆም

ፓቶሎጂ የሚጀምር ተማሪ መጀመሪያ የሚለምደው በሽታ በኅብረ ሕዋስ ላይ የጨመረውን ነገር መፈለግ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ተሰብስቦ እንደሆነ ያያል፣ መግል ይፈልጋል፣ ጠባሳ ይፈልጋል። በሌሎች በሽታዎች ይህ ልማድ ያዋጣዋል፤ ኤድስ ላይ ግን ያሳስተዋል። እዚህ ትልቁን ነገር የሚናገረው የጎደለው ነው። ጀርሙ በገፍ አለ፣ ሊገጥመው የሚገባው ሕዋስ ግን ከቦታው የለም። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው በመጀመሪያ ለሕክምናና ለላቦራቶሪ ተማሪዎች ነው። ሆኖም ከቤተሰቡ ሰው ናሙና ተወስዶ የውጤት ወረቀቱን ይዞ ግራ የተጋባ አንባቢም ሊከተለኝ ይችላል።

ቫይረሱ ራሱ አይታይም

ኤችአይቪን በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም። ቫይረሱ ከዳር እስከ ዳር 120 ናኖሜትር ያህል ነው። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ለይቶ የሚያሳየው በመካከላቸው ቢያንስ 200 ናኖሜትር ገደማ ርቀት ሲኖር ነው፤ ሌንሱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከዚህ በታች አይወርድም። ቫይረሱን ለማየት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ እሱም የምርምር እንጂ የዕለት ሥራ መሣሪያ አይደለም። እኛ በየቀኑ የምናየው ቫይረሱ ያደረሰውን ጉዳትና ጉዳቱን ተከትለው የገቡትን ሌሎች ጀርሞች ነው።

ስላይድ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከሕመምተኛው የተወሰደው ቁራጭ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ውኃው እንዲወጣ ተደርጎ በፓራፊን ሰም ይሞላል፤ ሰሙ ሲጠነክር 4 ወይም 5 ማይክሮሜትር ብቻ እየሳሳ ይቆረጣል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 7 ማይክሮሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለው፤ ቁራጩ ከዚያ የቀጠነ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ሁለት ቀለም ይነከራል። ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን አስኳል ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል፣ ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ አብዛኛው አካሉ አስኳል ስለሆነ ሊምፎሳይቶች የተጠጋጉበት ቦታ በትንሹ ሌንስ እንኳ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይለያል። ይህን ቀለም ልብ በሉልኝ። ኤድስ በገፋበት ሰው ኅብረ ሕዋስ ውስጥ እየደበዘዘ የሚሄደው ይህ ሰማያዊ ነው።

ንፍፊት

እ.ኤ.አ. በ1983 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲ፣ ሉክ ሞንታኚዬና ባልደረቦቻቸው ቫይረሱን ያገኙት ንፍፊቱ ካበጠ ሕመምተኛ ከተወሰደ የንፍፊት ቁራጭ ነበር። ቦታውን ማወቃቸው ጠቀማቸው። በሰውነታችን ካሉት ሊምፎሳይቶች በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በንፍፊት፣ በጣፊያ፣ በአንጀት ግድግዳና በመቅኔ ውስጥ ናቸው። ኤችአይቪ በዋናነት የሚያጠቃቸው ሊምፎሳይቶች ሲዲፎር ይባላሉ፤ በክሊኒክ የሲዲፎር ቁጥር ብለን የምንለካው እንግዲህ በመንገድ ላይ የተገኙትን ጥቂቶች ነው። ጤነኛ አዋቂ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 እስከ 1500 ያህል ሲዲፎር ይኖረዋል፤ ከ200 በታች የወረደ ሰው ኤድስ ደረጃ ላይ ደርሷል ይባላል።

ጤነኛ ንፍፊት ሥርዓት ያለው ነው። ዳር ዳሩን ፎሊክል የሚባሉ ክብ ቦታዎች ይደረደራሉ፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመነጩት ቢ ሊምፎሳይቶች የሚበስሉት እዚያ ነው። በፎሊክሎቹ መካከልና ከእነሱ ወደ ውስጥ ያለው ሰፊ ቦታ የቲ ሊምፎሳይቶች ነው፤ ሲዲፎሮችም በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። እያንዳንዱን ፎሊክል ቀጭን የሊምፎሳይት ቀለበት ይከበዋል።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ንፍፊቱ ያብጣል። ሕመምተኛው አንገቱ ሥር፣ ብብቱ ውስጥ የማያም እብጠት ይዳስሳል፤ ከ3 ወር በላይም ይቆያል። በ4ቱ ሌንስ ስታዩት ፎሊክሎቹ ከልክ በላይ አድገው፣ ክብነታቸውን አጥተው፣ አንዳንዶቹ እርስ በርስ ተቀላቅለው ታገኟቸዋላችሁ። በ10ሩ ሌንስ ስትጠጉ በዙሪያቸው የነበረው ቀለበት ሳስቶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ይታያል፤ የቀለበቱ ሊምፎሳይቶች ወደ መሐል ገብተው ፎሊክሉን ቆራርጠውታል። ይህ የፎሊክል መፍረስ በሌሎች በሽታዎችም አልፎ አልፎ ይታያል። አዋቂ ሰው ላይ በብዙ ፎሊክሎች ካያችሁት ግን የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ሳትጠይቁ ሪፖርት አትጻፉ።

በእነዚህ ፎሊክሎች መሐል ረጃጅም እጆች ያሏቸው ፎሊኩላር ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ያለፈውን ጀርም በላያቸው ይዘው ለሊምፎሳይቶች ማሳየት ነው። ኤችአይቪንም እንዲሁ ይይዙታል፤ ሳይገድሉት። ለብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ደህና በሚመስልባቸው ዓመታት ቫይረሱ የተኛ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት የምርምር ቡድኖች በዚያ ጊዜ ደም ውስጥ ጥቂት ቫይረስ ቢገኝም ንፍፊቱ ውስጥ ግን ሞልቶ እየተባዛ መሆኑን አሳዩ። «ደህና ነኝ» የሚለው ሰው ንፍፊቱ ውስጥ ውጊያ ላይ ነው።

ውጊያው ለዓመታት ሲቀጥል ሥርዓቱ ይላላል። ፎሊክሎቹ ይኮማተራሉ፣ መሐላቸው ሮዝ ቃጫ ይሆናል፣ ትንንሽ የደም ሥሮች ጎልተው ይወጣሉ። በመጨረሻ ደረጃ የተወሰደ ንፍፊት ትንሽና የደረቀ ነው፤ ፎሊክል የለውም፣ ቲ ሊምፎሳይትም የለውም ለማለት ይቻላል። በ4ቱ ሌንስ የሚታየው ሰማያዊ ሳይሆን ሮዝ መስክ ነው። ሌላም ለረጅም ጊዜ ሳይታሰብ የኖረ ለውጥ አለ። የቲ ሊምፎሳይቶቹ ቦታ ኮላጅን በሚባል የጠባሳ ቃጫ ይወረራል። ኮላጅንን ለይቶ በሚያሳይ ማቅለሚያ ካልተነከረ በቀላሉ ያመልጣል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው፤ ኮላጅን የበዛበት ሰው መድኃኒት ጀምሮ ቫይረሱ ከደሙ ቢጠፋም የሲዲፎር ቁጥሩ ለመውጣት ይቸገራል። ዘግይቶ መጀመር ዋጋ የሚያስከፍልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አንጀት

በደም ውስጥ ያለው ሲዲፎር ለመውረድ ዓመታት ይፈጅበታል። አንጀት ግን ያን ያህል አይቆይም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ካሉት ሲዲፎሮች አብዛኞቹ ያልቃሉ፤ ቫይረሱ ለመግባት የሚጠቀምበትን ሲሲአር 5 የሚባል ፕሮቲን በብዛት የተሸከሙት እነሱ ናቸውና። ይህ በሰው ላይ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጡ ጥናቶች ነው። ስላይዱ ላይ ምግብ የሚመጥጡት ቀጫጭን ቪለሶች አጥረውና ደንዘው ይታያሉ። ግድግዳው ስለሚላላ የባክቴሪያ ፍርስራሽ ወደ ደም ይሾልካል፤ ይህም ሰውነቱን ያለ ዕረፍት እያስቆጣ ያኖረዋል።

በዚህ ላይ ክሪፕቶስፖሪዲየም ይጨመራል። 4 ወይም 5 ማይክሮሜትር የሚሆኑ ሰማያዊ ክቦች በአንጀት ሕዋሳቱ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ጠልቀው አይገቡም። ጤነኛ ሰው በአንድ ሁለት ሳምንት ይገላገላቸዋል። ሲዲፎር የሌለው ሰው ለወራት ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በኡጋንዳ በሽታውን «ስሊም» ያሰኘው ይህን የመሰለ ተቅማጥና መክሳት ነበር።

ቲቢ፦ ከበባው ሲላላ

እዚህ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። በአገራችን ኤችአይቪ ካለበት ሰው ጋር አብሮ የሚገኘው ዋናው በሽታ ቲቢ ነው፤ ከዚያም በላይ የኤድስን ፓቶሎጂ ከአንድ ምሳሌ ብቻ ተማሩ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

የመከላከል አቅሙ ሙሉ የሆነ ሰው የቲቢ ባክቴሪያ ሲገባበት የሚሠራው ግራኑሎማ ይባላል። መሐሉ ላይ የሞተ ሥጋ አለ፤ በዓይን ሲታይ አይብ ስለሚመስል ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ አይብ መሰል ብለውታል። በዙሪያው ኤፒተሊዮይድ የሚባሉ ሰፋ ያሉ ማክሮፋጆች (ጀርም ዋጭ ሕዋሳት) ተጠጋግተው ይቆማሉ። በመካከላቸው ላንግሃንስ የሚባሉ ግዙፍ ሕዋሳት አሉ፤ አስኳሎቻቸው ብዙ ሆነው በጫፍ በኩል በግማሽ ክብ ይደረደራሉ። ከሁሉም ውጭ ሊምፎሳይቶች ሰማያዊ ቀበቶ ይሠራሉ። ዚል ኒልሰን በሚባለው ማቅለሚያ ነክራችሁ በ100ው የዘይት ሌንስ ብትፈልጉ ቀያዮቹን ባክቴሪያዎች አንድ ሁለት ለማግኘት ብዙ መቀመጥ አለባችሁ፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይገኙም። ከበባው ሠርቷል ማለት ነው።

ይህን ከበባ የሚያዘው ሲዲፎር ነው። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን መልእክት የሚልከው እሱ ነው፤ ማክሮፋጁ የዋጠውን ባክቴሪያ እንዲገድል የሚያነቃውም ይኸው መልእክት ነው። ሲዲፎር ከ500 በላይ በሆነ ሕመምተኛ ላይ የምታዩት ግራኑሎማ ኤችአይቪ ከሌለበት ሰው አይለይም። ቁጥሩ ወደ 200 ሲወርድ ዳሩ ይደበዝዛል፣ ግዙፎቹ ሕዋሳት ይቀንሳሉ፣ ሰማያዊው ቀበቶ ይበጣጠሳል። ከ50 በታች ሲሆን ግራኑሎማ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። የሞተ ሥጋ፣ የተሰባበሩ አስኳሎች፣ መግል የሚሠሩት ኒውትሮፊሎች፣ በየቦታው የተበተኑ ማክሮፋጆች ብቻ ይታያሉ። ያን ጊዜ ዚል ኒልሰን ብታደርጉ አንዱ መስክ ላይ ብቻ ቀያይ ባክቴሪያዎች ተቆጥረው አያልቁም። አንድ ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት የሲዲፎር ውጤቱን ሳይነግሩት ስላይዱን ብቻ አይቶ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው ብሎ የሚገምተው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንገቱ ላይ ዕጢ ያበጠ ሰው ሲመጣ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ ሁላችንም ኤፍኤንኤ የምንለው ነው። በሲሪንጁ ውስጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ጀማሪው ስላይዱ ላይ ኒውትሮፊል ሞልቶ ሲያይ፣ ግራኑሎማ ሲያጣ፣ «ተራ የባክቴሪያ መግል ነው» ብሎ ይጽፋል። ሕመምተኛው ተራ አንቲባዮቲክ ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስ ብሶበት ነው፣ ከተመለሰም ነው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ኤችአይቪ ካለበት ሰው ዕጢ የወጣ መግል ሁሉ ዚል ኒልሰን ሳይሠራለት፣ ከተቻለም የቲቢን ዘረመል በሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ውስጥ ሳይገባ ውጤት አይወጣለትም።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ባክቴሪያው በኅብረ ሕዋስ ውስጥ እንዲህ ከበዛ፣ ኤችአይቪ ያለባቸው የሳንባ ቲቢ ሕመምተኞች አክታ ውስጥ ለምን ብዙ ጊዜ ይጠፋል? ጥሩ ጥያቄ ነው። አክታ ውስጥ ባክቴሪያ በብዛት የሚወጣው ሳንባው ውስጥ ዋሻ ሲኖር ነው። ዋሻውን የሚቆፍረው ግን ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ የሰውነቱ የራሱ ቁጣ ነው። አይብ መሰሉ ሥጋ የሚቀልጠው፣ ቀልጦም ወደ አየር መተላለፊያ የሚፈሰው በዚያ ቁጣ የተነሣ ነው። ቁጣ የሌለበት ሳንባ ዋሻ አይሠራም። የደረት ኤክስሬዩ ደህና ሊመስል፣ አክታውም ነጻ ሊባል ይችላል፤ ባክቴሪያው ግን በጉበቱ፣ በጣፊያውና በመቅኔው ተበትኗል። ነጻ ውጤት ይዞ ወደ ቤቱ የሚላከው እንዲህ ያለው ሰው ነው። እኔ በዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው፤ ለከሳና ለሚያተኩሰው የኤችአይቪ ሕመምተኛ ነጻ የአክታ ውጤት ብቻውን ማረጋገጫ መባል የለበትም።

ሳንባ ውስጥ ያለው አረፋ

እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በሳምንታዊ ሪፖርቱ በሎስ አንጀለስ 5 ወጣት ወንዶች ያልተለመደ የሳንባ ምች እንደያዛቸው አወጣ። ዓለም ስለ ኤድስ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ምቹን ያመጣው ኒውሞሲስቲስ ጂሮቬቺ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ጥገኛ ተሕዋስ ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1988 በዘረመል ምርመራ የፈንገስ ወገን መሆኑ የተረጋገጠ ፍጡር ነው።

በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ስላይድ ላይ የአየር ከረጢቶቹ ሮዝ በሆነ አረፋ መሰል ነገር ተሞልተው ታያላችሁ። ፍጡሩ ግን አይታይም፤ ቀለሙን አይቀበልም። አረፋው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ባዶ ቦታዎች እሱ ያለባቸው ናቸው። ግሮኮት በሚባለው የብር ማቅለሚያ ስትነክሩት ከ5 እስከ 8 ማይክሮሜትር የሚሆኑ፣ አንዳንዶቹ በአንድ ጎን የተጨረመቱ ጥቋቁር ክቦች ብቅ ይላሉ። በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋስ ጥቂት ነው። ሕመምተኛው እያለከለከ፣ ደረቱን በማዳመጫ ስትሰሙት ግን ብዙም የማይሰማው ለዚህ ነው። ለዚህ በሽታ መከላከያ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ርካሽ ነው፤ በብዙ ቤት ባክትሪም ተብሎ ይታወቃል።

ካላዛር በመተማና በሁመራ

አውሮፓና አሜሪካ የተጻፉ የኤድስ ፓቶሎጂ መጻሕፍት ለካላዛር ብዙ ቦታ አይሰጡትም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ግን በሁለቱም በሽታ ይያዛል። በዋልካ አፈርና በግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ትሰጠዋለች፣ ከቤተሰብ የራቀ የካምፕ ኑሮው ደግሞ ለኤችአይቪ ያጋልጠዋል።

ናሙናው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ይወሰዳል፣ በጊምሳ ይነከራል። ማክሮፋጆቹ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር የሚሆኑ ሞላላ ተሕዋስያን ታጭቀው ይታያሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ክብ አስኳልና ከጎኑ አንድ አጭር ዘንግ አላቸው። ዘንጉ ካልታየ ካላዛር ብላችሁ አትጻፉ፤ የተሰባበረ ሕዋስ ወይም ሂስቶፕላዝማ የሚባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ብዛታቸው በነጥብ ይሰጣል። በ1000 መስክ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ከተገኘ 1 ነጥብ ነው፣ በአንድ መስክ ብቻ ከ100 በላይ ከሆነ 6 ነጥብ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ወደ ላይኛው ጫፍ የተጠጋ ነጥብ የተለመደ ነው። ከዚህም አልፎ ተሕዋሱ በማይጠበቅበት ቦታ፣ በቆዳ፣ በአንጀትና በሳንባ ይገኛል። የደም ፈጣን ምርመራው በሌላው ሰው ላይ እንደሚያደርገው አያስተማምንም፤ ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል በሚገባ አያመርትምና። መድኃኒት ጨርሶ የዳነ የመሰለ ሰው እንደገና ያገረሽበታል። በጎንደርና በአብደራፊ በእንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ላይ የተካሄደ የመድኃኒት ሙከራ ለውጥ አምጥቷል፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለነዚህ ሕመምተኞች ሊፖሶማል አምፎተሪሲን ከሚልቴፎሲን ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ መክሯል።

አንጎል

በአንጎል ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለዩ።

የመጀመሪያው ክሪፕቶኮከስ ነው። በቻይና ቀለም ጠብታ የጀርባ ፈሳሽ ስታዩ በጥቁሩ መሐል ክብ እርሾ፣ በዙሪያውም ሰፊ ነጭ ቀለበት ይታያል፤ ቀለበቱ መሸፈኛው ነው። በአንጎሉ ቁራጭ ላይ በደም ሥሮች ዙሪያ እርሾ የሞላባቸው ክፍት ቦታዎች አሉ፣ ዙሪያቸው ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ሊምፎሳይት የለም ማለት ይቻላል። በአልጋው ላይ የሚታየውም ይህንኑ ይከተላል። ማጅራት ገትር ሆኖ ሳለ አንገት ላይገተር ይችላል፣ የጀርባ ፈሳሹም ነጭ የደም ሕዋስ ላይኖረው ይችላል። የሕዋስ ቁጥሩ «ኖርማል» ስለሆነ ብሎ ምርመራውን ያቆመ ሐኪም ገዳዩ በሽታ ያመልጠዋል።

ሁለተኛው ቶክሶፕላዝማ ነው። ከድመት ዓይነ ምድር ወይም ከጥሬ ሥጋ የሚገኝ ተሕዋስ ሲሆን ብዙዎቻችን በጡንቻችንና በአንጎላችን ውስጥ ተሸክመነው ሳናውቀው እንኖራለን። ሲዲፎር ከ100 በታች ሲወርድ ከተደበቀበት ይወጣና የአንጎልን ሥጋ ይገድላል። በሞተው ሥጋ መሐል አትፈልጉት፤ ዳሩ ላይ፣ ሕያውና ሙት በሚገናኙበት ነው የሚገኘው።

ሦስተኛው የኤችአይቪ የራሱ ጉዳት ነው። ቫይረሱ የአንጎልን የነርቭ ሕዋስ አያጠቃም፤ የሚገባው ማክሮፋጆችና ማይክሮግሊያ የሚባሉ የአንጎል ሕዋሳት ውስጥ ነው። እነዚህ እርስ በርስ ተዋሕደው ብዙ አስኳል ያለው ግዙፍ ሕዋስ ይሠራሉ፤ በደም ሥር ዙሪያ ይገኛሉ። የነርቭ ሕዋሱ የሚጎዳው እነሱ በሚረጩት መርዝ ነው። ዝንጉ የሆነ፣ ሥራው የተዝረከረከ፣ አካሄዱ የከበደ ወጣት «አእምሮው ተነካ» ሲባል ከጀርባው ይህ ሊኖር ይችላል።

ካፖሲ

ሞሪትዝ ካፖሲ እ.ኤ.አ. በ1872 ቪየና ውስጥ የገለጸው የቆዳ ዕጢ ነው፤ ምክንያቱ ግን እስከ 1994 አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር አዲስ የሄርፐስ ቫይረስ አገኙበት፣ ዛሬ ሄርፐስ ቫይረስ 8 የምንለውን። በስላይድ ላይ ረዣዥም ሕዋሳት ተጠላልፈው፣ በመካከላቸው የተሰነጠቀ የሚመስል ጠባብ ክፍተት፣ ክፍተቱም ውስጥ ከደም ሥር የወጣ ቀይ የደም ሕዋስ ይታያል። ብዙ ካንሰሮች በቢላ ወይም በኬሞ ሲቀነሱ፣ ቀላል ደረጃ ላይ ያለ ካፖሲ ግን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቶት ሊጠፋ ይችላል። የመከላከል አቅሙ ሲመለስ ዕጢው ይሟሽሻል።

ኩላሊት ለየት ይላል

እስካሁን ካልኩት አብዛኛው ከሲዲፎር መጥፋት የሚመጣ ነበር። የኩላሊቱ ጉዳት ግን ከዚያ አይመጣም። ቫይረሱ የኩላሊቱን ማጣሪያ ሕዋሳት በቀጥታ ይነካል፤ ማጣሪያው ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ይጨማደዳሉ፣ የሚሸፍኗቸው ሕዋሳት ያብጣሉና ይበዛሉ፣ ቱቦዎቹ ይለጠጣሉ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ሲገለጽ በጥቁር ሕመምተኞች ላይ በብዛት መታየቱ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2010 ምክንያቱ ታወቀ፤ ኤፒኦኤል 1 የሚባል ዘረመል ላይ ያሉ ሁለት ለውጦች ናቸው። ከምዕራብ አፍሪካ በተነሡ ሕዝቦች ውስጥ የበዙት ከእንቅልፍ በሽታ ስለሚከላከሉ ነው።

በእስራኤል በሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የኤችአይቪ ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ይህን የኩላሊት በሽታ አላገኘም፤ ተጋላጭ የሚያደርጉት የዘረመል ለውጦችም በኢትዮጵያውያን ናሙና ውስጥ አልተገኙም። ጥቁር ሰው ሁሉ ለዚህ በሽታ እኩል የተጋለጠ ነው የሚለው የመጻሕፍት አነጋገር ለእኛ እንደማይሠራ ያሳያል። ይህ ማለት ግን ኩላሊት አይመርመር ማለት አይደለም፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቴኖፎቪር ራሱ የኩላሊት ቱቦዎችን ሊጎዳ ይችላል።

መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ

በኢትዮጵያ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ ወዲህ በስላይድ የምናየው ተለውጧል። ሲዲፎር ሲመለስ ሰማያዊው ቀለም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ግራኑሎማ እንደገና መሠራት ይጀምራል። ይህም አንድ አስቸጋሪ ነገር ያመጣል። መድኃኒቱን ከጀመረ ጥቂት ሳምንት የሆነው ሰው ትኩሳቱ ያገረሻል፣ የአንገቱ ዕጢ ያብጣል፣ አንዳንዴ ይፈነዳል። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ብሎ ያስቆመዋል። ናሙና ብትወስዱ ግን በደንብ የተሠራ ግራኑሎማ፣ ሰማያዊ ቀበቶ፣ ጥቂት ወይም ምንም ባክቴሪያ ታገኛላችሁ። ተደብቆ የነበረውን ጀርም የነቃው ሰውነት አግኝቶት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፀረ ኤችአይቪውም የቲቢ መድኃኒቱም ይቀጥላል፣ ቁጣው ይታከማል። የሚፈራው ቦታ አንጎል ነው፤ እዚያ እብጠት የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ላለበት ሰው ፀረ ኤችአይቪው ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚዘገየው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ዓይነት መግል፣ አንድ ዓይነት ያበጠ ዕጢ፣ ሲዲፎሩ 30 በሆነ ሰውና መድኃኒት ጀምሮ ሲዲፎሩ 300 በደረሰ ሰው ላይ ፍጹም የተለያየ ትርጉም አለው። ስላይዱን የሚያነበው ሰው ደግሞ ሕመምተኛውን አያየውም፤ የሚደርሰው ጠርሙስና አንድ ወረቀት ነው። በየሆስፒታሉ ያላችሁ ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች፣ ናሙና ስትልኩ የሕመምተኛው ምስጢር በተጠበቀበት መንገድ የኤችአይቪ ውጤቱን፣ የመጨረሻውን የሲዲፎር ቁጥርና መድኃኒት የጀመረበትን ቀን በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ጻፉ።